ተመስገን ካሉ አይቀር፦ ለየዕለቱ ትንንሽ በረከት የማመስገን ልምድ እንዴት ይያዛል?

ደሴ ላይ አንዱን ሰው «እንዴት አደርክ?» ብትሉት መልሱ ቀድሞ ይታወቃል። ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ሙስሊሙ «አልሀምዱሊላህ»። ጥርሱን ሲጠዘጥዘው ያደረውም፣ የቤት ኪራይ የተጨመረበትም፣ ዕጣ የወጣለትም መልሳቸው አንድ ነው። ይሄ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው ሀብት ነው። ችግሩ «ተመስገን» እንላለን እንጂ ስለ ምኑ እንደሆነ አንናገርም። ብዙ ጊዜ ራሳችንም አናውቀውም። አንድ ደፋር ልጅ «ስለ ምን?» ብሎ ቢያፋጥጠን «ስለ ሁሉም ነገር» ብለን ነው የምናመልጠው።

ይህ መመሪያ ያንን «ስለ ምን?» ለመመለስ ነው። አዲስ ጸሎት አላስተምርም፤ እሱን ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከሼኻችሁ ጠይቁ። እኔ የማሳያችሁ ወሎ ውስጥ በየቀኑ የምናደርጋቸውን ነገሮች፣ ቡናውን፣ ገበታውን፣ ገበያውን፣ የማታውን ጨዋታ፣ ለምስጋና እንዴት እንደምንጠቀምባቸው ነው። ለሁለቱም ሃይማኖት ሰው እንዲሆን አድርጌ ነው የጻፍኩት። በአንድ ዘር ውስጥ ሼኽም ቄስም በሚገኝበት አገር ሌላ ዓይነት አጻጻፍ አያስኬድም።

አንደኛ፦ ነገሩን በስሙ ጥሩት

ሌላው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው የምስጋናውን ጸሎት ያውቀዋል። የቅዱስ ባስልዮስ እንደሆነ የሚነገርለት ነው። በጎ ነገር ላደረገልን አምላክ እናመስግን ካለ በኋላ በደፈናው አያልፍም። ጠብቆናል፣ ረድቶናል፣ አቅርቦናል፣ ተቀብሎናል፣ እስከዚህች ሰዓት አድርሶናል እያለ አንድ በአንድ ይቆጥራል። በቁርኣን ሱረቱ ረሕማንም እንዲሁ ነው። ፀሐይና ጨረቃን፣ እህሉንና ፍራፍሬውን፣ ባሕሩንና መርከቡን እየጠራ በየመሐሉ «ከጌታችሁ ጸጋዎች በየትኛው ታስተባብላላችሁ?» ብሎ 31 ጊዜ ይጠይቃል። ሁለቱም ጋ በጅምላ ማመስገን የለም።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። አንድ ምስጋና ሦስት ነገር ይኑረው፦ ምን ተደረገልኝ፣ መቼ፣ በማን በኩል። ሦስተኛው አንዳንዴ አይገኝም፤ ዝናቡን ያመጣው ጎረቤት አይደለም። ሁለቱ ግን ሁልጊዜ አሉ።

«ስለ ጤናዬ ተመስገን» ጥሩ ነው፤ ግን ሰፊ ነው። «ዛሬ ጠዋት ዳገቱን ስወጣ ጉልበቴ ስላልከዳኝ ተመስገን» ይሻላል። «ስለ ቤቴ» ከማለት «ሌሊት ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ ጣሪያው ስላላፈሰሰ»። «ስለ ጥሩ ሰዎች» ከማለት «ዝርዝር አጥቼ ስደናገር የባጃጁ ልጅ ‹ነገ ትሰጪኛለሽ› ብሎ ስላለፈኝ»።

መለኪያው ቀላል ነው። ያላችሁትን ነገር ጎረቤታችሁ ቃል ሳይለውጥ እንዳለ ሊለው ከቻለ ገና አልጠበበም። የእናንተን ቀን፣ የእናንተን ጉልበት፣ የእናንተን ጣሪያ እስኪነካ ድረስ አጥቡት።

አንዳንዱ ሰው ይሄን ሲሰማ ያፍራል። «ለዚህችማ ፈጣሪን ማስቸገር!» ይላል። ወንጌሉ ግን የራስ ፀጉራችን እንኳ ተቆጥሯል ነው የሚለው። ፀጉር ለሚቆጥር አምላክ የባጃጅ ሒሳብ አያንስበትም።

ሁለተኛ፦ ጠዋት፣ ስልክ ከመከፈቱ በፊት

ይሄኛው አጭር ነው። ዓይናችሁን ስትገልጡ የመጀመሪያው እጅ ወደ ስልክ እንዳይሄድ አድርጉ። ቲክቶክ ከተከፈተ በኋላ ምስጋና ቦታ የለውም፤ የሰው ቤት፣ የሰው መኪና፣ የሰው ሠርግ እያያችሁ የራሳችሁን ጠዋት ማየት አይቻልም። ስልኩ ማንቂያችሁ ከሆነ ደግሞ አጥፉትና ገልብጣችሁ አስቀምጡት።

ክርስቲያን አማትቦ ነው የሚነሳው። ሙስሊም «ካሞተን በኋላ ሕያው ላደረገን አላህ ምስጋና ይገባው» ይላል። እሱን እንደ ልማዳችሁ አድርሱ። ከዚያ ከአልጋ ሳትወርዱ አንድ ነገር ብቻ ጨምሩበት። አንድ! ደሴ የሚኖር ሰው ውጭ ጉሙ የጦሳን ተራራ ሸፍኖት ብርድ ልብሱ ውስጥ ሞቆት ይሆናል፤ ይበቃል። ኬሚሴ ወይም ቆቦ ያለ ሰው ደግሞ ፀሐይዋ ከመክረሯ በፊት ያለችውን የንጋት ቅዝቃዜ ይያዛት።

ቀጥሎ ሰላምታው አለ። «እንዴት አደራችሁ?» ስትባሉ የለመዳችሁትን መልስ መልሱ፤ ግን ጅራት አብጁለት። «ተመስገን፣ የልጁ ትኩሳት እኮ በረደ።» «አልሀምዱሊላህ፣ ዛሬ እንቅልፍ ወስዶኝ አደረ።» በዚህች ትንሽ ጭማሪ የሚመጣውን ለውጥ ሞክራችሁ እዩት። ጠያቂው ቆም ይላል፤ እሱም የራሱን ያወጣል። ብቻ ሰው አይታችሁ። ለሥራ ቸኩሎ የሚሮጠውን ሰውዬ መንገድ ላይ አቁማችሁ የጉልበታችሁን ታሪክ አትተርኩለት።

ሦስተኛ፦ ቡናው

አዲስ ልምድ ብቻውን አይቆምም። የተተከለ ነገር ላይ መታሰር አለበት፤ ወሎ ቤት ውስጥ ደግሞ ከቡና የበለጠ የተተከለ ነገር የለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ በሦስት ዙር መጠጣቱ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ሦስት ዙር ማለት ሦስት ዕድል ነው።

አቦል ሲቀዳ ሁሉም ሰው ከትናንት ቡና ወዲህ ያገኘውን አንድ ትንሽ ነገር ይናገር። ደንቡ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ትልቅ ነገር አይፈቀድም፤ ልጅ ተመረቀ፣ ቤት ተሠራ የሚለው ሌላ ቀን ይነገራል። ሁለተኛ፣ ማንም ሰው በሌላው ላይ አይበልጥም፤ «እሱማ ምን አላት፣ የእኔን ብትሰሚ» ማለት ክልክል ነው።

እንዲህ ይመስላል። ቡናው ተቆልቶ ጭሱ ቤቱን ዞሯል። ቄጠማው ላይ ረከቦቱ ተዘርግቷል። አፍይዋ ጀበናውን ከፍ አድርጋ ስኒዎቹን ሳታቋርጥ ትሞላለች። አንዷ ወጣት ወደ ትልቋ ሴት ዞር ትልና፦

«እማማ፣ እርስዎስ ዛሬ ምን አገኙ?»

«እኔማ ልጄ፣ ዶሮዬን አገኘሁ።»

«የትኛዋን?»

«ያቺን ገብስማዋን። ሸለምጥማጥ በላት ብዬ ትቻት አልነበር? ጓሮ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቃ ታቅፋ ኖሮ፣ ዛሬ ጫጩቶቿን አስከትላ በበሩ ገባች። ስንት ናቸው እንዳትይኝ፣ አልቆጠርኳቸውም፤ ዓይን ይበላቸዋል።»

«አልሀምዱሊላህ!» ትላለች ከወዲያ ጥግ ያለችው ጎረቤት። «ለእኔም አንዷን ይመርቁልኛላ!»

ይሄው ነው። አቦል ተጠጣ። ማንም ስብከት አልሰበከም፤ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ግን ነገ ምን እንደሚናገር ማሰብ ጀምሯል። ዋናው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ነገ ቡና ላይ የምትናገሩት ነገር እንደሚያስፈልጋችሁ ካወቃችሁ ቀኑን ሙሉ ዓይናችሁ ይፈልጋል።

ቶና ላይ ሰው ይነሳ። ከትናንት ወዲህ በጎ ያደረገላችሁን አንድ ሰው ጥሩ፤ ስሙን ካላወቃችሁት «ያ ዕቃ ያሸከመኝ ልጅ» ማለት ይበቃል። በረካ ላይ ዱዓና ምርቃት ነው። ትልቅ ሰው እጁን ይዘርጋ፤ ሌላው መዳፉን ከፍቶ አሚን ይበል። «የወጣው በሰላም ይግባ። የታመመው ይማር። ዝናቡን በጊዜው፣ በልኩ ያምጣልን።» «አሚን።» ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ምስጋናው ወደ ሌሎች ዞሯል፤ በቤቱ ውስጥ ወደሌሉት። ለራስ ብቻ የሚያበቃ ምስጋና ሳያልቅ ይሰለቻል።

አንድ ነገር ግን ልናገር። ከአቦል እስከ በረካ ሰው ሲታማ ቆይቶ መጨረሻ ላይ እጅ መዘርጋት ያው እንደምታውቁት ነው። ሐሜቱ ከመጣ ቡናውን አታቁሙ፤ «እስኪ አንቺ ደግሞ ምን አገኘሽ?» ብላችሁ ወሬውን ዙሩት። ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ቡና በተወደደበት ዘመን በየቀኑ ማፍላት የማይችል ቤት አለ። ከጎረቤት ጋር በተራ አድርጉት። ብቸኛ የሆነ ሰው ደግሞ መንገድ ዳር ጀበና ቡና ሲጠጣ በአንድ ስኒ ሦስቱንም በልቡ ሊያደርሳቸው ይችላል።

አራተኛ፦ ገበታው

ወሎ እህል የሚያከብርበት ምክንያት አለው። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያዩ ሰዎች ዛሬም አብረውን ገበታ ይቀርባሉ። መሬት የወደቀች ቁራሽ ሲያዩ ጎንበስ ብለው የሚያነሱት ለጌጥ አይደለም። እነሱን ለማስተማር አልሞክርም። ይሄ ክፍል ከዚያ በኋላ ለተወለድነው ነው።

ከመብላታችሁ በፊት ቢስሚላህ ወይም አቡነ ዘበሰማያት ይባላል። ያን ስታደርሱ ከፊታችሁ ካለው ምግብ አንዱን ምረጡና ወደ ኋላ ተከተሉት። እንጀራው ምጣድ ላይ ሳለ ጭስ ዓይኗን የለበለባት ማን ናት? ወፍጮ ቤት ወረፋ የያዘው ማን ነው? ጤፉን ያጨደው፣ በሬ ያዞረው ማን ነው? በልግ ከሆነ የደገኛው ገብስ የበልጉን ዝናብ ጠብቆ ነው የመጣው፤ የየካቲትና የመጋቢት ሰማይ ቢጨክን ይህ ቆሎ እዚህ አይደርስም ነበር። ሁሉንም ሰው በየቀኑ አትቁጠሩ፤ ወጡ ይቀዘቅዛል። በቀን አንድ ሰው ይበቃል።

ከበላችሁ በኋላ ፈጣሪን አመስግናችሁ ስታበቁ ወደ ምግብ ሠሪዋ ዙሩና «እጅሽ ይባረክ» በሏት። ወንዶች፣ በተለይ እናንተ። «ጨው አነሰው» ለማለት የሚፈጥን ምላስ ለዚህ ሲሆን ሲታሰር እናየዋለንና።

ጾም የሚጾም ሰው ለዚህ ትምህርት የራሱ ትምህርት ቤት አለው። የመጀመሪያዋ የማፍጠሪያ ተምርና ውሃ፣ ወይም እስከ ከሰዓት በኋላ ተጾሞ የሚቀመሰው የመጀመሪያ ጉርሻ፣ ቶሎ ሳይዋጥ አንድ ጊዜ ይቆይ። አፍ ውስጥ ምን እንደሚመስል አስተውሉ። ያንን ጣዕም ጾም በሌለበት ቀን ማክሰኞ ምሳ ላይ ለማስታወስ ሞክሩ። እሱ ነው ከባዱ።

የተረፈው እንጀራ ፍርፍር ይሁን፤ ካልሆነ ድርቆሽ። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በር የሚቆም የቆሎ ተማሪ ሲመጣ፣ ቁርኣን ሊቀራ ከሩቅ አገር የመጣ ደረሳ ሲያልፍ፣ ስጡ። ወሎ ሁለቱንም ሲያበላ የኖረ አገር ነው። ግን ለምስጋና የሚሰጥ ነገር ከዛሬው ይሁን፤ የሻገተውን ለማስወገድ በር ላይ የቆመ ተማሪ አትጠብቁ።

አምስተኛ፦ በእጁ የላከላችሁን ሰው አትዝለሉት

ሰዎችን የማያመሰግን አላህን አላመሰገነም የሚል ሐዲስ አለ። በወንጌልም ከለምጽ ከነጹት ከአሥሩ ሰዎች አንዱ ብቻ ነበር ተመልሶ የመጣው፤ እሱም ሳምራዊ ነው። መመለስ የሚለውን ቃል እንደ መመሪያ ያዙት። ማለትም ሄዳችሁ፣ ፊቱን አይታችሁ፣ ተናገሩ።

«እግዜር ይስጥልኝ» የሚለው ሰላምታ እንዳይሆን ከነምክንያቱ ይነገር። ሊስትሮውን «ጫማዬን ብቻ ሳይሆን ክሩንም አስገባህልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» በሉት። «አብሮ ይስጠን» ይላችኋል፤ ፈገግታውን ታያላችሁ።

ገበያ ላይ ምስጋና በዋጋ ይገለጣል። ባቲ ሰኞ ገበያ የወጣ ሰው፣ ወይም ሠፈር ጉልት ጋ የቆመ ሰው፣ ለአንድ መደብ ቲማቲም ተከራክሮ ተከራክሮ ካስቀነሰ በኋላ «መርቂልኝ እንጂ» ይላል። ትመርቃለች። እዚያ ላይ ይብቃ! የመረቀችውን ተቀብላችሁ «ይባርክልሽ» ብላችሁ ሂዱ። ያገኛችሁትን በረከት ማታ ለፈጣሪ የምትቆጥሩት ከሆነ ከእሷ ጉሮሮ የተነጠቀ እንዳይሆን ተጠንቀቁ።

የቤት ሠራተኛ ላላችሁ ደግሞ፦ «እግዜር ይስጥሽ» ጥሩ ነው። ደመወዟን በቀኑ መክፈል ይቀድማል።

ስድስተኛ፦ የማታው ቆጠራ

ከመተኛታችሁ በፊት ትንሽ ጊዜ ስጡት። ቀኑን ከኋላ ወደ ፊት ተመልሳችሁ እዩት፤ ከራት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ጠዋት። ከፊት ከጀመራችሁ ጠዋት የተናደዳችሁበት ነገር ይይዛችሁና እዚያው ትቀራላችሁ።

ደብተር የሚወድ ሰው ይጻፍ። ርካሽ የተማሪ ደብተር ይበቃል። በቀን አንድ መስመር፣ ቀኑ፣ ነገሩ፣ ሰውየው። ማማር አያስፈልገውም። «ኅዳር 6፣ የፈሰሰው ዘይት ምንጣፉን አልነካውም፣ ልጅቷ ቶሎ አነሳችው።» በዚህ መልክ የተጻፈ መስመር ብቻውን ሲነበብ ያስቃል። ላሊበላ አጠገብ ባለው የናኩቶ ለአብ ዋሻ ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን ውሃ የተቦረቦሩ ድንጋዮች ይቀበሉታል፤ አንዷ ጠብታ ከንፈር አታርስም፣ ድንጋዩ ግን ሞልቶ ሰው ጠበል ይቀዳበታል። ደብተሩም እንደዚያ ነው የሚሞላው። በወር አንድ ቀን ተመልሳችሁ አንብቡት። ማኅበር ወይም ዝክር ያላችሁ በዚያው ቀን፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም አድርጉት፤ ቀኑን ለማስታወስ አትቸገሩም። ሙስሊሞች ከወሩ አንዱን ጁምዓ ምረጡ፤ ወዳጃ (የኅብረት ዱዓ) የሚቀመጥ ቤት ካላችሁ ደግሞ እዚያ ከዱዓው በፊት አንዷን መስመር ተናገሩ።

መጻፍ የማይወድ ወይም የማይችል መቁጠሪያውን ይጠቀም። ክርስቲያኑ 41 ኪርያላይሶኑን፣ ሙስሊሙ ከሶላት በኋላ 33 አልሀምዱሊላሁን እንደ ሥርዓቱ ይጨርስ፤ እሱን አትንኩት። ሲያበቃ መቁጠሪያው ገና እጅ ላይ እያለ ጥቂት ፍሬ ብቻ እንደገና ያሳልፍና በእያንዳንዷ ላይ አንድ የዛሬ ነገር ይጥራ። ለብዙ እናቶች ከደብተር ይልቅ ይሄኛው ይቀላቸዋል።

ለልጆች ጥያቄውን ለውጡት። «ዛሬ ምን ተማርሽ?» የሚለው መልሱ «ምንም» ነው፣ ሁላችንም እናውቃለን። «ዛሬ ማን ምን አደረገልሽ?» በሏት። «እርሳሴ ሲሰበር መቅረጫ አበደረችኝ» ትላለች። «ነገ አንቺስ ምን ታደርጊላታለሽ?» ብላችሁ ተዉት። አታብራሩ። ልጅ ማብራሪያ ሲረዝምበት ማታ ማታ የሚያገኘው ነገር ያልቅበታል።

ሰባተኛ፦ ምስጋናው አልወጣ ሲል

ይሄን ክፍል የማይጽፍ የምስጋና መመሪያ አልወድም። ቀን ሁሉ አንድ አይደለም። በልግ ይቀራል። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል፤ የተመለሰውም ያገኘውን አግኝቷል። ልጅ ይታመማል። እንዲህ ባለ ጊዜ «ተመስገን» ጉሮሮ ላይ ይቆማል።

መጀመሪያ አታስገድዱት። የዳዊት መዝሙር ግማሹ ምስጋና ከሆነ የቀረው ብዙው «እስከ መቼ?» የሚል ነው፤ ሁለቱም ጸሎት ናቸው። ያዕቆብም በቁርኣን ልጁን ባጣ ጊዜ ሐዘኑን ወደ አላህ አቤት ይላል እንጂ እንዳላዘነ አያስመስልም። አቤቱታችሁን አቅርቡ። ከዚያ በኋላ ከተቻለ፣ ብቻ ከተቻለ፣ እጅግ ትንሽ ነገር ፈልጉ። ዛሬ ውሃ ወርዶልኛል። ሰው ደውሎልኛል። ይኼው።

ሁለተኛ፣ ለተቸገረ ሰው ምስጋና አታዝዙበት። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ተመስገን በሉ፣ ሌላ ልጅ አላችሁ» የሚል ሰው አይታችሁ ይሆናል። ለቅሶ ላይ የሚባለው ይታወቃል፦ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ «አላህ ሰብር ይስጣችሁ»። በቃ። «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» ያለው ኢዮብ ራሱ ነው እንጂ ሊጠይቁት የመጡት ወዳጆቹ አይደሉም። ወዳጆቹ ከሠሩት ሁሉ የሚሻለው አፍ ሳይከፍቱ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ መቀመጣቸው ነው።

ሦስተኛ፣ «ከእሱ እሻላለሁ» በሚል አታመስግኑ። መንገድ ላይ የተኛውን ሰው አይቶ «ተመስገን፣ እኔ እንደሱ አልሆንኩም» ማለት ቀላል ነው። ፈሪሳዊው በመቅደስ የጸለየው ይህንኑ ነበር፤ አልተመሰገነበትም። ሐዲሱ ከእናንተ በታች ያለውን ተመልከቱ ሲል ምክንያቱን አብሮ ይነግራል፦ የአላህን ጸጋ እንዳታሳንሱ። ሰውየውን እንድታሳንሱ አይደለም። ሰውየውን ካያችሁት ዳቦ ግዙለት።

አራተኛው ብዙ ሰው የሚስተው ነው። ምስጋና ዝምታ አይደለም። ሠፈሩ ውሃ ካጣ ሰንብቶ «ያለንን ተመስገን» ብሎ መቀመጥ መንፈሳዊነት አይመስለኝም። ጠዋት አመስግኑ፤ ከሰዓት ጎረቤት ሰብስባችሁ ቀበሌ ሄዳችሁ አቤት በሉ። የ1966ቱ ረሃብ ያን ያህል የከፋው ዝናብ በመቅረቱ ብቻ አልነበረም፤ መንግሥት ስለደበቀው ጭምር ነው። በዚያን ጊዜ ሕዝቡን ይጠቅም የነበረው የሚናገር ሰው ነበር።

ስምንተኛ፦ በሥራ መመለስ

ስለት ያለባችሁ ስለታችሁን አግቡ። መስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው ይሄን አያጣውም፤ ያን ሁሉ ዳገት የሚወጣው ብዙው ሰው የተደረገለትን ይዞ ነው። ለትንንሽ ነገር ግን ስለት አትሳሉ። ነገሩ ወደ ንግድ ይሄዳል፤ ይሄን ብታደርግልኝ ያንን እሰጥሃለሁ እየተባለ ልጅነት ይሆናል። የትንሽ ነገር ምስጋና በትንሽ ሥራ ይመለሳል፤ ያውም በዚያው ዓይነት፣ በዚያው ቀን።

ትኩሳት ከበረደ የታመመ ጎረቤት ጠይቁ። ባጃጁ ዱቤ ካለፈላችሁ፣ በማግሥቱ ሒሳቡን ስትከፍሉ ዝርዝር የጎደለበትን ሌላ ተሳፋሪ ሙሉለት። ዶሮዋ ጫጩት ካስከተለች ሲያድጉ አንዷን ለዚያች «ይመርቁልኛላ» ላለችው። ውሃ በፈረቃ መጥቶ በርሜላችሁ ከሞላ፣ ግፊቱ ለማይደርስላቸው ለላይኛው ሠፈር ሰዎች ሁለት ጀሪካን ቅዱና እናንተው አድርሱት፤ አሮጊቷን «ኑ ውሰዱ» አትበሏቸው። ጀሪካኑ ላይ በማርከር ስማችሁን ጻፉበት። አንድ ዓይነት ቢጫ ጀሪካን ሠፈር ሙሉ ነው፤ በኋላ «የእኔ ነው፣ የእኔ ነው» መባባል ይመጣል።